በጭቃና በውርጭ መካከል፦ የእንጦጦ ክረምት ለእርሻና ለከብት

በእንጦጦ ማርያም ተራራ ላይ የሚጥል የክረምት ዝናብ ሁለት አቅጣጫ ይይዛል። ከሸንተረሩ ወደ ደቡብ የሚወርደው በጉለሌ ጅረቶች አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል። ወደ ሰሜን የሚወርደው ደግሞ የሱሉልታን ሜዳ አጥለቅልቆ በሙገር በኩል ዓባይን ይቀላቀላል። አዲስ አበባ ከተማ ውስጥ የሚገባው ጎርፍ በየዓመቱ ይወራለታል፤ ከተራራው ጀርባ በእርሻና በግጦሽ ላይ የሚተኛው ውኃ ግን እምብዛም አይነሳም። የመካከለኛው ኢትዮጵያ ደጋ ገበሬ ክረምትን እንዴት እንደሚያሳልፍ ማየት ለሚሻ ሰው ከእንጦጦ ጀርባ ካለው ሜዳ የተሻለ ቦታ ብዙ አይገኝም።

የአገሪቱ እርሻ ሲነሳ አብዛኛው ሰው ድርቅን ያስባል። በደጋው ግን ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ውኃው በሁለት ወር ተጠራቅሞ መውረዱ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች። ከዚህ ውስጥ ሐምሌና ነሐሴ እያንዳንዳቸው 250 ሚሊ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳሉ፤ ሁለቱ ሲደመሩ ለንደን ዓመቱን ሙሉ ከምታገኘው ብዙም አያንሱም። የዝናብ ቀበቶው ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲወጣ ከአትላንቲክና ከኮንጎ ደን፣ ከህንድ ውቅያኖስም ጭምር እርጥብ አየር ይስባል። አየሩ ተራራው ሲያግደው ወደ ላይ ይወጣና ቀዝቅዞ ይዘንባል። በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ኤል ኒኞ በተከሰተበት ዓመት ክረምቱ ይሳሳል፤ ላ ኒና ሲሆን በአብዛኛው ይበረታል፣ አንዳንዴም ከመስከረም አልፎ ይዘልቃል።

ከዝናቡ ጋር ደመናው አለ። ፀሐይ ለሳምንታት ስትሸፈን መሬቱ የጠጣውን ውኃ በትነት የሚያወጣበት ዕድል ያጣል። የእንጦጦ ብርድ ደግሞ የታወቀ ነው። አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥታቸውን ከተራራው ላይ ወደ ፍል ውኃው አካባቢ ያወረዱት፣ አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ብርዱ፣ ነፋሱና የማገዶ እጥረቱ ተደራርበው ነው። የንጉሠ ነገሥትነት ዘውዳቸውን ግን ወደ ተራራው ተመልሰው በእንጦጦ ማርያም ተቀበሉ፤ ቀኑ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ሲሆን ክረምቱ አልፎ ነበር።

የዝናቡን ውጤት ከሁሉ በላይ የሚወስነው አፈሩ ነው። ከተዳፋቱ ላይ ያለው ቀይና ቡናማ አፈር ውኃን ያሳልፋል። ሜዳው ላይ የተኛው ጥቁር አፈር ግን ሌላ ጠባይ አለው፤ ኮትቻ፣ መረሬ ወይም ዋልካ እየተባለ በየአካባቢው ይጠራል። በውስጡ ያለው ሸክላ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ስለዚህ በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት ደግሞ ስንጥቁ ተደፍኖ ውኃው ከላይ ይቆማል። ኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንዲህ ያለ አፈር አላት፤ ከግማሽ የሚበልጠውም በደጋው ላይ ነው። ለም አፈር ነው፤ ከአቅሙ በታች የሚያመርተው በውኃው ምክንያት ነው።

ለበሬና ለማረሻ ይህ አፈር ጠባብ ጊዜ ብቻ ይሰጣል። በበጋ ደረቅ ሳለ ማረሻው አይገባበትም፤ ሐምሌ ሲገባ ደግሞ አፈሩ በማረሻው ላይ ይጣበቃል፣ በሬዎቹም እስከ ጉልበታቸው ይሰምጣሉ። በግድ ከታረሰ ደግሞ የተገለበጠው ጓል ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ገበሬው የመጀመሪያውን እርሻ የሚያሳልጠው በበልግ ዝናብ ወይም በሰኔ መባቻ ነው። በልጉ የቀረ እንደሆነ የክረምቱ ሥራ ከመጀመሪያው ይዘገያል፤ አንድ በሬ ብቻ ኖሮት ከጎረቤቱ ጋር የሚያቀናጅ ገበሬ ደግሞ ተራ እስኪደርሰው ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል።

ቢሾፍቱና አድአ አካባቢ ገበሬው ከዚህ ችግር የሚወጣበት የታወቀ ብልሃት አለው። ዘሩን እስከ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም አዘግይቶ ሽምብራን፣ ጓያንና ምስርን አፈሩ በያዘው እርጥበት ያበቅላል። ሱሉልታና ከዚያ በላይ ያለው ደጋ ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊቱ ይጠራል፣ ውርጭ ይወርዳል፤ ዘግይቶ የተዘራ ሰብል ገና በአበባው ሳለ ይመታል። ገበሬው ቀድሞ ቢዘራ ውኃው ቡቃያውን ያፍነዋል፣ ዘግይቶ ቢዘራ ውርጩ ይደርስበታል። የደጋው የክረምት እርሻ ጥበብ ሁሉ በእነዚህ ሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜ ማስፋት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጊዜውን ማስፋት የሚቻለው ውኃውን በማውጣት ነው። በአማራ ክልል በብዛት የሚታየው መንገድ ፈሰስ ነው፤ ዘር ከተዘራ በኋላ ማሳውን አግድም የሚያቋርጡ ቦዮች በማረሻ ይወጣሉ። ሹሩቤ በሚባለው ሌላው ዘዴ ደግሞ ዘሩ ከተበተነ በኋላ ማሳው በትልምና በመደብ ይሸነሸናል። ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን በሰሜን ሸዋ በሞረትና ጅሩ፣ በእነዋሪ አካባቢ የኖረው ልማድ ነው። በዚያ ቤተሰቡ፣ በተለይም ሴቶችና ልጆች፣ እርጥቡን አፈር በእጃቸው እያነሱ ሰፋ ያለ መደብ ይሠራሉ፤ ስንዴው ከመደቡ ላይ ይበቅላል፣ ውኃው በመደቦቹ መካከል ይወርዳል። በ1970ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የሚገኘው የእንስሳት ምርምር ተቋም ከኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ይህን ሥራ ወደ በሬ ጉልበት ለማዛወር ሞከረ። ሁለት ማረሻ አጣምሮ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደብና 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ተሠራ፤ ቢቢኤም በሚለው ምሕጻረ ቃል ይታወቃል። የመጀመሪያው መሣሪያ ለበሬዎች ከበድ ይል ነበር። ዶክተር መለሰ ተመስገን ኋላ ያወጡት አይባር የተባለው መሣሪያ ቀለል ያለ ነው።

መሣሪያው ግን ችግሩን ብቻውን አይፈታውም። ከአንድ ማሳ የወጣ ውኃ ዞሮ የጎረቤት ማሳ ላይ ነው የሚያርፈው። ጎረቤቱ ቦይ ካላወጣ፣ ከታች ያለው መንገድ ወይም ቤት መውጫውን ከዘጋው ደግሞ ጠብ ይነሳል። ስለዚህ ውኃ ማጠንፈፍ የአንድ ገበሬ ሥራ ሊሆን አይችልም፤ ተፋሰሱ ላይ ያሉ ሁሉ ተስማምተው አንድ ዋና መውረጃ መቆፈር አለባቸው። በአውሮፓ ረግረግ አገሮች ከመሬት በታች ቱቦ የተቀበረውም መንግሥትና ባለርስት ገንዘብ አውጥተው ነው፤ ቦይ አውጡ ብሎ ለገበሬ መምከር ብቻ የትም አላዋጣም።

በሸኖ፣ በደገምና በአካባቢው ደጋ ደግሞ ከባድ ዋጋ የሚያስከፍል ሌላ ልማድ አለ። ጉዬ ይባላል። ለዓመታት ሣር የበቀለበት መሬት ይታረስና አፈሩ ከእበትና ከደረቀ የሣር ሥር ጋር ይከመራል፤ ከውስጥ እሳት ይለኮስበታል፣ ለቀናት ይጤሳል። የተቃጠለው አፈር ሲበተን መሬቱ ውኃ የሚያሳልፍ ይሆናል፣ ለሰብሉ የሚደርሰው ፎስፈረስም ይጨምራል። ገብሱ አንድ ሁለት ዓመት ጥሩ ይሰጣል። ነገር ግን የአፈሩ ብስባሽና ናይትሮጅን አብሮ ይነዳል፤ መሬቱም እንደገና እስኪያገግም አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጦም ማደር ይኖርበታል። መሬት ሰፊ በነበረበት ዘመን ይህ ይቻል ነበር፤ ዛሬ ግን ለአሥር ዓመት የሚያሳድረው ትርፍ መሬት ያለው ገበሬ ጥቂት ነው።

ውኃ ሰብልን የሚጎዳው ሥሩን አየር በመንሳት ነው። በአፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ የነበረው አየር በውኃ ሲተካ ሥሩ መተንፈስ ያቅተዋል፤ ናይትሮጅኑም ከፊሉ ታጥቦ፣ ከፊሉ ወደ ጋዝ ተለውጦ ይጠፋል። በነሐሴ ሜዳው ላይ ገብስ ቢጫ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው፤ ገብስ ከእህሎች ሁሉ ውኃ የማይወድ ነው። ስንዴ ትንሽ ይሻላል። ባቄላ ሥሩ ይበሰብሳል። ጤፍ ግን ይታገሣል፤ እንዲያውም ከመዘራቱ በፊት ከብት ወይም በግ ማሳው ላይ ተነድቶ አፈሩ ይረገጣል፣ ደቃቁ ዘርም በጭቃው ላይ ይበተናል። ጓያ ደግሞ ድርቁንም ጎርፉንም የሚችል ሰብል ነው፤ ብቻውን ለረጅም ጊዜ የሚበላው ሰው ግን እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል።

ጤፍ የክረምቱን ጭቃ ቢችልም በተዳፋት ላይ ሲዘራ መሬቱን ያስበላል። ብዙ ጊዜ ታርሶ ልሞ የተስተካከለው ማሳ ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌ ባዶውን ይገኛል፤ አፈሩ ታጥቦ ይወርዳል። የእንጦጦ ባሕር ዛፍም ከአፈር መከላከል አንጻር የሚታሰበውን ያህል አያገለግልም፤ ቅጠሉና ጭራሮው ለማገዶ እየተጠረገ ከሥሩ ያለው መሬት ራቁቱን ስለሚቀር ጎርፉን የሚይዘው የለም። የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልና በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ በአገር በቀል ዛፎች ላይ የሚሠሩት ሥራ ከውበቱ ባሻገር ለታችኛው ከተማ የጎርፍ መከላከያም ነው።

ቅጠሉ ሳይደርቅ የሚውልና የሚያድርበት ክረምት የሻጋታ በሽታዎች ዘመን ነው። የ2002 ዓ.ም. ክረምት በርትቶ እስከ 2003 መጀመሪያ በዘለቀ ጊዜ ቢጫ ዋግ የተባለው የስንዴ በሽታ በመላ አገሪቱ ተዛመተ፤ በስፋት ይዘሩ የነበሩት ኩብሳና ጋላማ የተባሉ የስንዴ ዝርያዎች ሊቋቋሙት አልቻሉም፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ስንዴ ተጎዳ። ባቄላን ቅጠሉ ላይ ቸኮሌት የመሰለ ነጠብጣብ እያወጣ የሚያረግፍ በሽታ ያጠቃዋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ቅጠሉን የሚያጨማድድና የሚያሳብጥ ቆርምድ የሚሉት ተጨምሮበታል። ድንችን አጥፍቶ ከ1845 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አየርላንድን ያስራበው ሻጋታ በእንጦጦ ዙሪያም አለ፤ ካልተረጨበት ማሳውን በጥቂት ቀናት ያጠቁረዋል። ስለዚህ ብዙ ገበሬ ለድንች ምርጥ የሆነውን የክረምት ዝናብ ትቶ በበልግ ወይም በመስኖ መትከልን ይመርጣል። በረዶ ሲጥል ግን መከላከያ የለም።

ለከብት ክረምት ሁለት ገጽ አለው። ሰኔና ሐምሌ የርሃብ ወራት ናቸው፤ የባለፈው ዓመት ገለባ ያልቃል፣ ማሳው በሙሉ ተዘርቷል፣ የግጦሹ ሣርም ገና አጭር ነው። በሬ ከዓመቱ ሁሉ ከባዱን ሥራ የሚሠራው በዚህ በከሳበት ጊዜ ነው። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ሣሩ ይበዛል፤ ከዚያም ጋር በሽታው ይመጣል። በጭቃ የዋለ የበግ ኮቴ ይበሰብሳል፤ ዝናብ የመታውና በእርጥብ ወለል ላይ ያደረ ግልገል ሳንባውን ይታመማል። ዝናቡ ጋብ ሲል የሚራቡት ትንኞች ደግሞ ለፈረስ ገዳይ በሽታ ያስተላልፋሉ።

ከሁሉም በዝምታ የሚጎዳው የጉበት ትል ነው። የትሉ እንቁላል ከእበት ጋር ወደ ረግረግ ይወርዳል፤ የሚፈለፈለው እጭ በትንሽ የውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይባዛል፣ ከዚያም ወጥቶ በሣር ላይ ይጣበቃል። ከብቱ የሚይዘው በሣሩ ነው። በ1879 እና 1880 እ.ኤ.አ. እርጥብ ዓመታት ይኸው ትል በእንግሊዝ ወደ ሦስት ሚሊዮን በግ ፈጀ፤ የቀንድ አውጣው ሚና የተረጋገጠውም ከዚያ እልቂት በኋላ በተደረገ ምርምር ነው። በደጋችን ቀንድ አውጣው በክረምት ይበዛል፤ ከብቱ በብዛት የሚለከፈው ከክረምቱ ማብቂያ እስከ በጋው መጀመሪያ፣ ሌላው መሬት ሲደርቅ ረግረጉ ብቻ ለምለም ሆኖ በሚቀርበት ጊዜ ነው። ክሳቱ የሚታየው ግን ከወራት በኋላ በመሆኑ ገበሬው በመኖ እጥረት ያሳብባል። መድኃኒቱን ከበጋው መግቢያ በኋላና ከክረምቱ በፊት መስጠት፣ ረግረጉን ማጠር ወይም ማጠንፈፍ ጉዳቱን ይቀንሳል።

የሱሉልታ ሜዳ ትልቁ ክፍል ለእህል ያልተመቸውም ለሣር የተመቸውም በዚሁ ውኃ ነው። ገበሬው ቦታውን ከክረምቱ አጋማሽ ጀምሮ ከከብት ከልክሎ ያሳድገዋል፤ ሣሩ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ይታጨዳል፣ በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ሆኖ ለአዲስ አበባ ዙሪያ የወተት ላሞች ይሸጣል። ለዚህ ሰብል የነሐሴው ጎርፍ ጸጋ ነው፤ የሚጎዳው የጥቅምት ዝናብ ነው። ታጭዶ የተዘረጋ ሣር ሁለት ሦስት ቀን ከዘነበበት ይጠቁራል፣ ይሻግታል፣ ዋጋውም ይወድቃል። ያው ዝናብ በታጨደ ስንዴና ገብስ ነዶ ላይ ከወረደ እህሉ እዚያው ሊበቅል ይችላል። ነዶውን ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ወይም የድንጋይ መደብ ላይ ከምሮ በሣር መክደን፣ የአየር ትንበያውን ተከታትሎም አጨዳውን በአንድ ሳምንት ማስቀደም ወይም ማዘግየት ገበሬው ያለው መከላከያ ነው።