የቋንቋ መምህር ጭንቀት በጭላሎ ግርጌ

በጭላሎ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በአሰላና በአርሲ ደጋማ ወረዳዎች፣ ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ሕፃናት አንደኛ ደረጃን በአፋን ኦሮሞ ተምረው ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ስለሚሆንባቸው፣ የሽግግሩ ሸክም ይልቁንም የሚከብደው በእንግሊዝኛ መምህሩ ላይ ነው።

የድርሰት ደብተር ከፊቱ ተከምሮ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ሲያርም የሚያመሽ መምህር ድካሙ ለዓይን ይታያል፤ ልቡን አብዝቶ የሚያውከው ግን ስውሩ ፍርሃት፣ ማለትም በትምህርት እንጂ ከእናቱ አንደበት ባላገኘው ልሳን በደቀ መዛሙርቱ ፊት እንዳይሰናከል መስጋቱ ነው። አሜሪካዊቷ ሊቅ ኢሌን ሆርዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የባዕድ ቋንቋ መምህራን ራሳቸውም ምንጊዜም ተማሪዎች ስለሆኑ ይህ ስጋት እንደሚያገኛቸው አስረድተዋል።

በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ በቴሌቪዥን የሚተላለፈው የፕላዝማ ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃው ሲገባ ደግሞ፣ በመስኮቱ የሚታየው አስተማሪ በባዕድ አነጋገር እየፈጠነ ሲያልፍ ማስቆምም ማስደገምም ያልተቻለው የክፍሉ መምህር፣ በገዛ ክፍሉ እንደ እንግዳ ቆመ፤ ይህም፣ በእኔ አስተያየት፣ ክብሩን የነካ ነገር ነበር።

የአማርኛ መምህሩም ከሐሳብ ነፃ አይደለም፤ አፋን ኦሮሞን በላቲን ፊደል ማንበብ የለመደውን፣ አማርኛንም በቤቱ የማይሰማውን የገጠር ልጅ የግእዝን ፊደል ከነእርባታው ማስለመድ ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃልና።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ መሆናቸው ሲሰማ፣ ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ የእንግሊዝኛ መምህሩንም አልማረም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ በሌላ ልሳን የተገነባውን ዕውቀት እርሱ ብቻውን በአንድ ክፍለ ጊዜ እንዲያሻግር መጠበቅ ግን ግፍ ነው።