ስፌት፦ ከማጀት እስከ ግድግዳ የዘለቀ የእጅ ጥበብ

ስፌት ሣርን በሣር ጠምጥሞ የቤት ዕቃ የማበጀት ጥበብ ነው። እህል የሚበጠርበት ሰፌድ፣ እህል የሚሰፈርበት ቁና፣ ዱቄትና ጥሬ የሚያዝበት እንቅብ፣ እንጀራ የሚቀመጥበት ሌማት፣ ማዕድ የሚቀርብበት መሶብ፣ ስንቅ የሚቋጠርበት አገልግል እንዲሁም ጥጥና ጌጣጌጥ የሚከተትበት ሙዳይ ሁሉም የዚህ ጥበብ ውጤቶች ናቸው። እነዚህ ዕቃዎች በአንድ በኩል የማጀት መሣሪያ፣ በሌላ በኩል የቤት ጌጥ ሲሆኑ፣ ሁለቱ ባሕርያት በአንድ ዕቃ ላይ ያለ ጠብ ተዋሕደው መኖራቸው ስፌትን ከብዙ የእጅ ሥራዎች ይለየዋል። በዕለት ተዕለት ኑሮ ውስጥ የፈጠራ መነሻ የሚፈልግ ሰው ጥበብ ከሥራ በተረፈ ጊዜ ብቻ የሚጎበኝ ነገር ሊመስለው ይችላል፤ ስፌት ግን ውበት እጅ ዘወትር ከሚነካው ዕቃ እንደሚጀምር በተጨባጭ ያሳያል።

ሣሩና ዝግጅቱ

የቅርጫት ሥራ በአሠራሩ በጥቅሉ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው እንደ ቀርከሃ ያሉ ልጦችን አግድምና ሽቅብ እያሳለፉ የሚጎነጉኑበት ዘዴ ሲሆን፣ የዶርዜ ሕዝብ ረጃጅም ቤቶች በዚህ መንገድ ከቀርከሃ የተጎነጎኑ ናቸው። ሁለተኛው አንድን የሣር እጅብ እያዞሩ፣ ያንኑ ዙር ከቀዳሚው ጋር በሌላ ሣር እየጠመጠሙ የሚያያይዙበት ሲሆን፣ በአማርኛ ስፌት የሚባለው ይህ ነው።

ለስፌት ከሚያገለግሉት ሣሮች በይበልጥ የታወቁት አክርማና ስንደዶ ናቸው። አክርማ ከዳጉሳ ጋር በአንድ የዕፅዋት ወገን የሚመደብ፣ በደጋው የግጦሽ መሬት ላይ በእጅብ በእጅብ የሚበቅል ጠንካራ ሣር ሲሆን፣ ከብት እምብዛም ስለማይደፍረው ሌላው ሣር ተግጦ ባለቀበት ሜዳ ላይ እንኳ ቆሞ ይገኛል። ስንደዶ በበኩሉ ቀጭንና ቀጥ ያለ አገዳው ይፈለጋል። ሣሩ ክረምቱ ሲወጣ፣ ሳይጠወልግና ሳይሰባበር ተነቅሎ ይሰበሰባል፤ በፀሐይ ይደርቃል፤ ወፍራሙ ይሰነጠቃል፤ ከዚያም በነዶ ታስሮ ለሥራው ቀን ይቀመጣል። ቀለም የሚፈለግበት ክፍል በተበጠበጠ ቀለም ውስጥ ይፈላና ይነከራል፤ በዚህ መንገድ ቀለም የገባው ሣር አለላ ይባላል። ሥራው ሲጀመር የደረቀው ሣር እንደገና በውኃ ይርሳል፤ ደረቅ ሣር በሚታጠፍበት ጊዜ ይሰበራልና።

ከመካከል የሚነሣ ሥራ

ሰፊዋ ሥራዋን የምትጀምረው ከዕቃው መካከል ነው። ጥቂት የሣር ዘንጎችን በጣቶቿ አጠማዝዛ ትንሽ ቀለበት ታበጃለች፤ በእርጥብ ስንጣቂ ሣርም አጥብቃ ትጠመጥመዋለች። ከዚያ ወዲያ የሚሠራው ሁሉ የአንድ እንቅስቃሴ መደጋገም ነው፦ ወስፌ በተባለው እጀታ ባለው ሹል ብረት ቀደም ሲል የተሰፋውን ዙር ትወጋለች፤ የመጠምጠሚያውን ጫፍ በቀዳዳው ታሾልካለች፤ አዲሱ ዙር ከአሮጌው ጋር እስኪጣበቅም ትስባለች። መጠምጠሚያው ሊያልቅ ሲል የአዲሱን ጫፍ ከእጅቡ ውስጥ ስለምትቀብረው መጋጠሚያው ለዓይን አይታይም። እጅቡም እንዳይሳሳ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ሣር ይጨመርበታል፤ ይህ ሲዘነጋ የዙሩ ውፍረት ይዛባል፣ ዕቃውም ይጣመማል።

የዕቃው ቅርጽ የሚወሰነው አዲሱ ዙር በሚያርፍበት ቦታ ብቻ ነው። ዙሩ ከቀዳሚው ጎን ሲያርፍ እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ ገጽ ይወጣል፤ ከቀዳሚው ላይ ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ ሲያርፍ እንደ እንቅብ ጎድጓዳ ይሆናል፤ ልክ በላዩ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ቀጥ ያለ ግድግዳ ይቆማል። ወገቡ የጠበበ፣ እግሩና ገበታው የሰፋ፣ ክዳኑ ወደ ላይ የሾለ ትልቅ መሶብ ከዚሁ ቀላል ደንብ የሚወጣ ሲሆን፣ ከቤት ሥራ በተረፈ ሰዓት ሲሠራ ሳምንታትን፣ አልፎም ወራትን ሊወስድ ይችላል።

ጥለቱ የሚወጣበት መንገድ በተለይ ሊጤን ይገባዋል። ሰፊዋ በወረቀት ላይ የነደፈችው ሥዕል የላትም፤ ጥለቱን የምትይዘው በኅሊናዋና በጣቶቿ ቁጥር ነው። ዙሩ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው በጠፍጣፋ ገጽ ላይ እያንዳንዱ አዲስ ዙር ከቀዳሚው በ6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። እንግዲህ ከመካከል 8 ጨረር ያለው ኮከብ የጀመረች ሴት ይህን ጭማሪ በየዙሩ ለስምንቱ ጨረሮችና በመካከላቸው ላሉት ክፍተቶች እኩል ማካፈል ይኖርባታል፤ አንዱ ጨረር ላይ የተሳሳተ ቁጥር ከጥቂት ዙር በኋላ ኮከቡን ያንጋድደዋል። ባለ ሦስት ማዕዘን፣ የአልማዝ ቅርጽ ያላቸውና ደረጃ ደረጃ የሆኑ ጥለቶች በስፌት ላይ መብዛታቸውም ከዚሁ የመነጨ ነው፤ በዙርና በጥምጥም የሚሠራ ገጽ መስመርን በእርከን እንጂ በቀላሉ በልስላሴ አያስኬድም። ስለዚህ የሥራው ገደብ የጥለቱ ምንጭ ሆኗል ማለት ይቻላል።

በማጀትና በገበታ

ስፌት የኢትዮጵያን ምግብ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ይከተለዋል። ሰፌድ ዝርግ ሆኖ ጠርዙ በጥቂቱ ቀና ያለው በምክንያት ነው፤ እህሉ ወደ ላይ ሲወረወር ገለባው በነፋስ ይሄዳል፣ ሰፌዱ በክብ ሲንገዋለል ደግሞ ጠጠሩና ፍሬው በክብደታቸው ይለያያሉ። ገጹ ፍሬን የማያሾልክ ጥብቅ፣ ክብደቱ ክንድን የማያደክም ቀላል መሆን ስላለበት ከሣር የተሻለ ነገር አይገኝለትም። ያው ሰፌድ ቡና ሲለቀም፣ ምስር ሲለቀምና እንጀራ ከምጣድ ሲወጣ ያገለግላል።

እንጀራ በስፋቱ በአብዛኛው ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ የሌማቱና የመሶቡ ገበታም ልኩን የሚወስደው ከዚሁ ነው። አዲስ የተጋገረ እንጀራ እንፋሎት ስላለው በታፈነ ፕላስቲክ ውስጥ ሲከደን እንፋሎቱ ወደ ጠብታ ተለውጦ እንጀራውን ያረጥበዋል፣ ሻጋታም ያፈጥንበታል። የሣር ዕቃ ግን እርጥበቱን በመጠኑ እየመጠጠ ወደ ውጭ ያሳልፋል፤ ክዳኑ ደግሞ እንጀራው በአየር እንዳይደርቅ ይጠብቃል። አገልግል በበኩሉ ውጪው በቆዳ ስለሚለበጥ በጉዞ ላይ ከዝናብና ከግጭት የተጠበቀ ነው፤ በማኅበር፣ በመልስና በለቅሶ ቤትም ምግብ ተሞልቶ ይሄዳል።

የስፌትን ጥብቀት ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳዩት የቦረና ሴቶች ከዕፅዋት ሥር ሰፍተው የሚሠሯቸው የወተት ዕቃዎች ናቸው። እነዚህ ዕቃዎች ወተት እንዳያፈስሱ ጠብቀው ይሰፋሉ፤ ተመርጦ በተቃጠለ እንጨት ጢስም ይታጠናሉ፤ ጢሱ ዕቃውን ያጸዳል፣ ለወተቱም መዓዛ ይሰጠዋል። በዚህ ሥራ ላይ የስፌት ባለሙያነትና የምግብ ባለሙያነት አንድ ሆነው ይታያሉ።

በሐረር ግድግዳ ላይ

ስፌት የቤት ማስጌጫ ሆኖ ከፍ ያለ ደረጃ ላይ የደረሰው በሐረር ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የታጠረችውና እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ጁገል የተባለችው ጥንታዊቷ የሐረር ከተማ በውስጧ የያዘቻቸው የሐረሪ ቤቶች ዋና ክፍል ነደባ በሚባሉ አምስት ከፍ ያሉ መቀመጫዎች የተደራጀ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ነደባ እንደ ተቀማጩ ዕድሜና ክብር የተለየ ነው። ከነደባዎቹ በላይ ያለው ግድግዳ በስፌት ይሸፈናል። ጠፍጣፋዎቹ ጥለታቸው ፊት ለፊት እንዲታይ ተደርገው በረድፍ ይሰቀላሉ፤ የቀይ አፈሩ መደብ፣ የነጩ ግድግዳና የአለላው ቀለም ተደጋግፈው ክፍሉን ይሞሉታል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የተሰቀሉት ዕቃዎች ብዙዎቹ ለድግስና ለእንግዳ የሚወርዱ መሆናቸው ነው። ግድግዳው ለዕቃው ማስቀመጫ፣ ዕቃውም ለግድግዳው ጌጥ ይሆናል። በሐረሪ ሠርግ ስፌት ከሙሽራዋ ወገን ከሚዘጋጁት ነገሮች ዋነኛው ስለሆነ፣ የአንድ ቤት ግድግዳ የቤተሰቡን ሴቶች ሙያና የዝምድናቸውን ታሪክ አብሮ የሚይዝ መዝገብ ሆኖ ይኖራል።

በማኅበራዊ ደረጃውም ስፌት የተለየ ቦታ አለው። በቀድሞው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ በግፍ ሲናቁ፣ ስፌት ግን የባላገርም የመኳንንትም ሴቶች የሚሠሩትና በሙያ የሚመሰገኑበት ነበር። ሴት ልጅ ከእናቷና ከአያቷ ሥር ቁጭ ብላ ከትንሽ ሙዳይ ትጀምራለች፤ እጇ ሲጠና ወደ ሰፌድ፣ በመጨረሻም ወደ መሶብ ትሸጋገራለች። መሶብ በእምነትም ውስጥ የገባ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምስጋና እመቤታችን ማርያም መና ባለበት በመሶበ ወርቅ ትመሰላለች።

ዛሬና ከዛሬ በኋላ

ዛሬ በብዙ ቤቶች የፕላስቲክ ሰሐንና ባልዲ የስፌትን ቦታ ወስደዋል። የግጦሽ መሬት ሲታረስ ሣሩ ይርቃል፤ ልጆች በትምህርት ቤት ሲውሉም ከእናት የሚማሩበት ሰዓት ያጥራል። በአንጻሩ ሰፊዎች የሱፍ ክርንና ሌሎች ደማቅ ክሮችን ከሣር ጋር ማዋሐድ ጀምረዋል፤ የመብራት ከለላ፣ የፍራፍሬ ማስቀመጫና የጠረጴዛ ማስጌጫም ይሰፋሉ። በውጭ አገር ያሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች መሶብን የማዕዳቸው መለያ አድርገውታል፤ ወደ እስራኤል የሄዱ የቤተ እስራኤል ሴቶችም ስፌትን ይዘውት ሄደዋል። የቆዩ ሥራዎችን በቅርብ ለማየት ለሚሻ ሰው በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም እንዲሁም የሐረር ሙዚየሞች አሉለት።

ከዚህ ጥበብ ቤቱን ለማስዋብ ወይም እጁን ለማፍታታት የሚሻ ሰው ሊወስዳቸው የሚችላቸው ትምህርቶች ግልጽ ናቸው። ፈጠራውን ከሚያስፈልገው ዕቃ ቢጀምር ቅርጹን ለመወሰን ብዙ አይቸገርም፤ እንጀራው ሌማቱን እንደወሰነው ሁሉ አገልግሎቱ ራሱ ልኩን ይነግረዋልና። በእጅ ያለው ነገር ጥቂት መሆኑም እንቅፋት አይደለም፤ ሁለት ሣርና አንድ ወስፌ ስፍር ቁጥር የሌለው ጥለት አውጥተዋል። ያማረ ዕቃም በቁም ሣጥን መደበቅ የለበትም፤ በማይሠራበት ሰዓት ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ለዓይንም ለእጅም ቅርብ ይሆናል።

ስፌትን ለትውልድ ለማቆየት ሙዚየም የራሱ ድርሻ አለው፤ ይሁን እንጂ የአጠማጠም ጥብቀት፣ የሣር መረጣና የቁጥር አያያዝ በመስታወት ውስጥ አይቀመጡም፤ የሚተላለፉት ከእጅ ወደ እጅ ነው። ይህም የሚቀጥለው ዕቃው ፈላጊ ሲኖረው ነው። ከሰፊዋ ተገቢውን ዋጋ ከፍሎ መሶብ የሚገዛ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ከፀሐይና ከእርጥበት እየጠበቀ በየዕለቱ የሚበላበት፣ ልጁንም ከምታውቅ ሴት ዘንድ አስቀምጦ የመጀመሪያዋን ቀለበት እንድትጠመጥም የሚያደርግ ቤተሰብ ለዚህ ጥበብ ትልቁን ውለታ ይውላል።