መበለቲቱና የእርሻዋ ውል

ባልዋ የሞተባት ገበሬ ሴት ኀዘንዋ ሳይወጣ የእርሻ ጊዜ ይደርስባታል፤ ዝናብ ኀዘንተኛን አይጠብቅምና። ልቅሶ ደራሹ ወደየቤቱ በተመለሰ ጊዜ በእጅዋ የሚቀሩት ብዙ ጊዜ ሕፃን ልጅዋ፥ አንድ በሬና ያልታረሰ መሬት ናቸው። ከልጅዋም ጋራ አዲስ ኑሮ ልትጀምር የምትችለው መሬቱ የጸናላት እንደሆነ ነው። መሬቱን የሚያጸኑላትም ደብተርና ውል ናቸው።

ስለ ደብተሩ ሕጉ ግልጥ ነው። በ1987 ዓ. ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35፥ ሴቶች መሬትን በመጠቀምና በማስተዳደር፥ በውርስም ነገር ከወንዶች ጋራ እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ1997 ዓ. ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456ም፥ በ2016 ዓ. ም. በአዲስ አዋጅ እስኪተካ ድረስ፥ የባልና የሚስት የጋራ መሬት ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ ያዝዝ ነበር። በአማራ ክልል የተሰጠው ደብተር የሁለቱን ፎቶግራፍ ጭምር ይዟል። ስለዚህ የሟቹ ዘመዶች «መሬቱ የአባታችን ነው» ብለው የመጡ እንደሆነ፥ ሹሙ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመለከተው የሚገባው ይህን ደብተር ነው። የሟቹ ድርሻ በሕጉ መሠረት ለልጁ የሚተላለፍበትንም ጽሕፈት ሳያዘገይ ማስፈጸም ይገባዋል።

ነገር ግን ደብተር ብቻውን እህል አያበቅልም። በደጋውና በወይና ደጋው አገር ሞፈር መጨበጥ የወንድ ሥራ ሆኖ ስለ ኖረ፥ መበለቲቱ መሬትዋን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች። አራሹም አስቀድሞ የራሱን ያርሳል። ጤፍ ግን ተደጋግሞ የታረሰ መሬት ይፈልጋል፤ የዘር ጊዜው ካለፈም ዝናቡ ቀድሞት ይሄዳል። እንግዲህ የእርስዋ ማሳ ሁልጊዜ ኋለኛ የሆነ እንደሆነ፥ መሬትዋ ሳይነካ ምርትዋ ተወሰደባት ማለት ነው።

ይህን የሚያስቀረው የተጻፈ ውል ነው። በውሉም ማሳው ስንት ጊዜ እንደሚታረስ፥ በየትኛው ሳምንት እንደሚዘራ፥ ዘሩንና ማዳበሪያውን ማን እንደሚያወጣ፥ ገለባው ለማን እንደሚሆን፥ ዘመኑም መቼ እንደሚያልቅ ተገልጦ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። አንድ በሬ ያላት እንደሆነም፥ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋራ በመቀናጆ ተስማምታ እርሱ የሁለቱንም መሬት በተራ ቢያርስ፥ ለአራሽ የምትከፍለው ያንሳል።

መኸር እስኪደርስ ልጅዋን የምትመግበው ከጓሮዋ ነው። ጎመን፥ ሽንኩርትና ድንች ሞፈር አይጠይቁም፤ ዶሮም በ21 ቀን ጫጩት ትፈለፍላለች። የግብርና ሠራተኛው ግን ብዙ ጊዜ ምክሩን ለአባወራው ነግሮ የእማወራይቱን ደጅ ያልፋል። ይህ መታረም ይገባዋል። ልጁም በእረኝነት ምክንያት ከትምህርት ቤት እንዳይቀር የቀበሌው ሹም ይጠይቅ።

ሹሙ ቀብሩ በተፈጸመ በአንድ ወር ውስጥ የመበለቲቱን ደብተርና ውል ቢመረምር፥ በሚመጣው ዓመት ከርዳታ ጠያቂዎች መዝገብ አንድ ቤት ይቀነሳል፤ ከግብር ከፋዮችም መዝገብ አንድ ቤት አይጎድልም።