ከቶኮዛ እስከ ቦሌ ስንት ሰዓት ነው?

ከአገር ቤት መርዶ ሲመጣ ወይም ሠርግ ሲጠራን፣ ከትኬቱ ዋጋ ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ «ስንት ሰዓት ትደርሳላችሁ?» ነው። ብዙዎቻችን «አምስት ሰዓት ተኩል ነው፣ ምን አላት!» ብለን እንመልሳለን። ይህ ግን የአውሮፕላኑ ሰዓት እንጂ የመንገደኛው አይደለም።

ከኦ.አር. ታምቦ እስከ ቦሌ በአየር ከ4,000 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል። በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ በኩል በየብስ የመጣ ሰው ይህን ርቀት በሳምንታት፣ አንዳንዱም በወራት ነው የሚያውቀው። ቀጥታ በረራ ግን 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል።

ትኬታችሁ መነሻውን 14:15 ይላል እንበል። 6 ስትቀንሱ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8:15 ነው። ቦሌ የምታርፉት ከምሽቱ 2:45 ይሆናል። ሲቆጠር 6 ሰዓት ተኩል ይመስላል፤ አዲስ አበባ ከጆሃንስበርግ 1 ሰዓት ስለምትቀድም ነው። ስትመለሱ ደግሞ በተቃራኒው 4 ሰዓት ተኩል ብቻ የበረራችሁ ይመስላችኋል።

አሁን ከቤት ደጅ እንቁጠር። ለውጭ አገር በረራ 3 ሰዓት ቀድሞ መገኘት ያስፈልጋል። ከቶኮዛ ኤርፖርት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ኤን 3 መንገድ ሲጨናነቅ አይታመንም። ስለዚህ ጠዋት 4 ሰዓት ከቤት መውጣት ነው። ቦሌ ፓስፖርት አስመትታችሁ፣ ሻንጣ ተቀብላችሁ ስትወጡ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሊሆን ይችላል። ድፍን 11 ሰዓት ሄደ ማለት ነው። ሆሳዕና የሚሄድ ደግሞ አዲስ አበባ አድሮ፣ በማግስቱ 230 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ይቀረዋል።

አገር ቤት ቀብር ብዙ ጊዜ በዕለቱ ወይም በማግስቱ ነው። ቤተሰብ «ይጠበቅ ወይስ ይቀበር?» ብሎ የሚወስነው እናንተ በነገራችሁት ሰዓት ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ የሚያርፍበትን ሳይሆን እናንተ ደጃፍ የምትደርሱበትን፣ ያውም በኢትዮጵያ ሰዓት ንገሯቸው።

የሌሊት በረራ ላይ ተጠንቀቁ። «ማክሰኞ 00:30» የሚል ትኬት ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:30 ነው። ሰኞ ማታ ኤርፖርት መገኘት አለባችሁ። ማክሰኞ ማታ የሄደ ሰው አውሮፕላኑ ካመለጠው አንድ ቀን ሊሆነው ነው።

የመጨረሻው የቢጫ ወባ ካርድ ነው። ከኢትዮጵያ ስትመለሱ ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ የሆነ መንገደኛ ሁሉ ይጠየቃል። ክትባቱ የሚሠራው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን አንዴ የተወሰደ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። መርዶ 10 ቀን አይሰጥም፤ ያልተከተበ ካለ ደህና ቀን ሳለ ይከተብ፣ ካርዱንም ከፓስፖርቱ ጋር ያስቀምጥ።