የአፕል ዕድሜ የሚወሰነው ከዛፉ ሳይወርድ ነው

ሐርጌሳ 26 ጁን ሰፈር በየፍራፍሬ መሸጫው የሚደረደረው አፕል ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ውስጥ የምናየውም ብዙው የውጭ ነው። ይህ ፍሬ ከተለቀመ ወራት አልፎትም ሲገምጡት ቀጭ ይላል። ከአገር ውስጥ፣ ከጨንቻ ደጋ የመጣው በጥቂት ሳምንት ሲለሰልስ ያየ ሸማች ታዲያ «እኛ ማቀዝቀዣ ስለሌለን ነው» ቢል አይፈረድበትም። ግን እውነቱ ግማሽ ነው። ዝርያውና የተለቀመበት ቀን ካልተስተካከሉ የትኛውም ማቀዝቀዣ አያድነውም።

አፕል ከዛፉ ከወረደ በኋላም ይተነፍሳል፤ በውስጡ ያለውን ስኳርና አሲድ እያቃጠለ ይኖራል። ሲበስል የሚያወጣው ኤትሊን የተባለ ጋዝም የራሱንና አጠገቡ ያለውን ፍሬ መብሰል ያፋጥናል። ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ያለ ቅዝቃዜ ይህን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም፤ የሚያዘገየውም በየዝርያው ልክ ነው። በተለመደ ቀዝቃዛ መጋዘን ጋላ ከ2 እስከ 3 ወር፣ ፉጂ 4 ወር ያህል፣ ግራኒ ስሚዝ ከ3 እስከ 4 ወር ይቆያሉ። አየሩ ተለክቶ ኦክስጅኑ በተቀነሰበት የታሸገ መጋዘን ግን ግራኒ ስሚዝ 10 ወር ሊደርስ ይችላል። የዚህን ዘዴ መሠረት በ1920ዎቹ በእንግሊዝ የጣሉት ኪድና ዌስት የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። ጎልደን ዴሊሸስ ልጣጩ ውሃ በደንብ ስለማይዝ፣ የመጋዘኑ እርጥበት 90 በመቶ ገደማ ካልሆነ ይጨማደዳል። ሃኒክሪስፕን ደግሞ ሌሎቹን የሚያቆየው የዜሮ ዲግሪ ብርድ ራሱ ይጎዳዋል። እስራኤል ውስጥ የተዳቀለው አና ብዙ ብርድ ሳይፈልግ ያፈራል፤ ለሞቃት አገር የተመረጠውም በዚህ ነው። ነገር ግን ቶሎ ይለሰልሳል።

የመልቀሚያው ቀንም የዚያኑ ያህል ይከብዳል። ፍሬውን ለሁለት ሰንጥቀው አዮዲን ቢቀቡት ስታርች ያለበት ሥጋ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል፤ ስታርቹ ወደ ስኳር የተቀየረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሁሉም ከጠቆረ ገና ነው፤ ሁሉም ከነጣ ለዛሬ ገበያ እንጂ ለመጋዘን አልፎበታል። ለማቆየት የሚለቀመው መሃሉ መንጣት ጀምሮ ዳር ዳሩ ገና ጥቁር ሳለ ነው። ይህን ለማየት ቢላዋና ትንሽ አዮዲን ይበቃል።

«ታዲያ አና ይነቀል?» የሚል ይኖራል። አይነቀል፤ ቶሎ አፍርቶ ቶሎ ይሸጣል፣ ገበሬውም ገንዘቡን ያገኛል። ስህተቱ እሱን ብቻ ተክሎ መጋዘን መመኘቱ ነው። 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ጨንቻ እንደ ግራኒ ስሚዝ ላሉ ዘግይተው ለሚደርሱ ዝርያዎችም የሚበቃ ብርድ አለው። «መብራት በሌለበት ዘግይቶ የሚደርስ ዝርያ ምን ይሠራል?» ለሚለው ጠንካራ ጥያቄ ደግሞ የደጋው ሌሊት ከፊል መልስ ነው። ማታ ተከፍቶ ቀን የሚዘጋ፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነ ክፍል ዜሮ ዲግሪ አይደርስም። በተፈጥሮው ለሚቆይ ዝርያ ግን ሳምንታት ይጨምርለታል፤ ለአና የሚጨምርለት ቀናት ነው።

ችግኝ የምታከፋፍሉ የግብርና ባለሙያዎችና ነጋዴዎች፣ ለገበሬው ዛፉ በስንት ዓመት እንደሚያፈራ ብቻ አትንገሩት፤ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚቆይም ሳይገዛ በፊት ንገሩት።