ቦምቡን ያየነው እኛ ብቻ ነን

ስለ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ሲወራ ሁሌም የሚነሳው መጨረሻው ነው። «ገዳዩ ማን ሆነ?» ይባላል። አጀማመሩን የሚያነሳ ሰው እምብዛም አይገኝም፤ ፊልሙ ተመልካቹን የሚይዘው ግን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ነው። የመክፈቻ ትዕይንት የት እንዳለን ያሳያል፣ ማንን እንደምንከተል ይጠቁማል፣ አንድ ጥያቄ አስጨብጦን ያልፋል። ይህ ለሁሉም ግልጽ ስለሆነ አልቆይበትም።

መቆየት የምፈልገው አንድ የተሳሳተ እምነት ላይ ነው፤ መክፈቻ ማለት ግርግር ነው የሚለው። ጂንካ ውስጥ በስልካቸው አጫጭር ፊልም የሚቀርጹ ወጣቶች አሉ። አንዱ በቅርቡ ሥራውን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ መጀመሪያውን ብቻ ይዩልኝ» አለኝ። አንድ ልጅ ይሮጣል፣ ሁለት ጎረምሶች ያባርሩታል፣ ከበሮ ይደለቃል። ቀረጻው ጥርት ያለ ነው፤ ልጁም ሩጫውን ያውቅበታል። ነገር ግን ማን እንደሆነ፣ ምን አድርጎ እንደሚሸሽ ስላላወቅሁ ቢይዙትም ባይዙትም ግድ አልሰጠኝም። «እኔ እንድፈራለት ከፈለግህ፣ እሱ የማያውቀውን አንድ ነገር አስቀድመህ ንገረኝ» አልኩት።

አልፍሬድ ሂችኮክ ለፍራንሷ ትሩፎ በሰጠው ቃለ ምልልስ ይህንኑ በቦምብ ምሳሌ አስረድቷል። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ሲጨዋወቱ ከሥር የተቀበረ ቦምብ ድንገት ቢፈነዳ፣ ተመልካቹ የሚደነግጠው ለ15 ሰከንድ ነው። ቦምቡ ሲቀመጥ ካየን፣ የሚፈነዳበትንም ሰዓት ካወቅን፣ ያው ተራ ጨዋታ 15 ደቂቃ ሙሉ ያስጨንቀናል።

ይህን በተግባር ለማየት ወደ ኦርሰን ዌልስ «ተች ኦፍ ኢቭል» መሄድ ነው። ፊልሙ የወጣው በ1958 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሲጀምር ስክሪኑን የሚሞላው የሰው እጅ ነው። እጁ ቦምብ ይዟል፤ የቦምቡን ሰዓት ይሞላል። ሰውየው ግድግዳ ታክኮ ይሮጥና ቦምቡን ከቆመች መኪና የኋላ ኮፈን ውስጥ ከትቶ ይሰወራል። ወዲያው አንድ ባለጸጋ ሰውና አንዲት ሴት መጥተው መኪናዋ ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ በኋላ ክሬን ላይ ያለው ካሜራ ከጣሪያ በላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ወደ ኋላ እያፈገፈገ መንገዱን ይዞ ይሄዳል። ሦስት ደቂቃ ከምናምን አንድ ጊዜም አይቆረጥም።

ታዲያ በእነዚህ ደቂቃዎች ምን ይሆናል? ምንም። መኪናዋ ትራፊክ ፖሊስ ፊት ትቆማለች። የፍየል መንጋ መንገድ ይዘጋባታል። በቀይ አፈር አድርጎ ወደ ቱርሚ የተጓዘ ሰው ሁሉ ፍየል እስኪያልፍ መኪና አቁሞ መጠበቅን ያውቀዋል፤ ሌላ ጊዜ ቢበዛ ቢያሰለች ነው። እዚህ ግን እያንዳንዷ ፍየል ከቦምቡ ሰዓት ላይ ትቀንሳለች። በዚህ መሃል አዲስ ተጋቢዎቹ ባልና ሚስት፣ ቻርልተን ሄስተንና ጃኔት ሊ፣ በእግራቸው ሲንሸራሸሩ አንዴ መኪናዋን ይቀድሟታል፣ አንዴ ትቀድማቸዋለች። በቀረበቻቸው ቁጥር «ራቁ!» ማለት ያምረናል። በሜክሲኮና በአሜሪካ ድንበር ኬላ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ጠባቂው ከባልየው ጋር ወሬ ይይዛል። መኪናዋ ውስጥ ያለችው ሴት ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ጭንቅላቷ ውስጥ እንደሚሰማት ትናገራለች፤ ልብ የሚላት የለም። መኪናዋ ኬላውን ታልፋለች። ባልና ሚስቱ ሊሳሳሙ ሲሉ ፍንዳታው ይሰማል። ካሜራው የሚቆረጠው ያኔ ነው።

ኦሞራቴ ኬላ ላይ ወረቀቱን ሰጥቶ ማኅተም የጠበቀ ሰው ድንበር ላይ ጊዜ እንዴት እንደሚጎተት ይገባዋል። ዌልስ ድንበሩን የመረጠው ለጌጥ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ወዶም ሳይወድ የሚቆምበት ቦታ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ድምፁ ልምጣ፤ ከሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ስቱዲዮው ፊልሙን ሲያወጣ በዚህ ትዕይንት ላይ የሠራተኞቹን ስም ደርድሮ፣ የሄንሪ ማንቺኒን ሙዚቃ ከላይ ጫነበት። ዌልስ በ58 ገጽ ማስታወሻ ቅሬታውን ጽፎ ነበር። ሐሳቡ የየመጠጥ ቤቱ ሙዚቃ በየበሩ ሲታለፍ እየመጣ እየሄደ እንዲሰማ፣ የመኪናዋም ሬዲዮ የራሱ ሙዚቃ እንዲኖረው ነበር። በ1998 ዋልተር መርች ማስታወሻውን ተከትሎ ፊልሙን እንደገና ሲያቀናብረው ስሞቹን አነሳ፣ ድምፁንም እንደተጻፈው አደረገው። ውጤቱ የሚገርም ነው። መኪናዋ ከዓይን ስትሰወር እንኳ ሬዲዮው ጎላ ሲል መቅረቧን፣ ደከም ሲል መራቋን በጆሯችን እንከታተላለን። ቦምቡ የት እንዳለ የሚነግረን ዘፈን ነው።

ስለዚህ በየምግብ ቤቱ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘግተው ፊልሙን እያሳዩ ከጎን ሌላ ዘፈን ለሚከፍቱ ባለቤቶች አንድ ቃል አለኝ፤ እባካችሁ፣ ወይ ፊልሙን ወይ ዘፈኑን ምረጡ። ቪዲዮ ቤት 20 ደቂቃ ዘግይተው ገብተው «እስካሁን ምን ሆነ?» እያሉ ጎረቤታቸውን የሚነቀንቁም አሉ። ሂችኮክ በ1960 «ሳይኮ»ን ሲያወጣ ፊልሙ ከጀመረ በኋላ ማንም እንዳይገባ ሲኒማ ቤቶችን አስገድዶ ነበር። ሰዓቱን አክብሮ የሚገባ ተመልካች እንዲህ ያለ ጥበቃ ይገባዋል።

ከእኛው ፊልም ደግሞ የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» አለ። በ2014 በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው ይህ ፊልም የፍርድ ቤት ድራማ ተብሎ ይመደባል፤ መክፈቻው ግን ልብ አንጠልጣይ ነው። ዘመኑ 1996 ነው። የ14 ዓመቷ ሂሩት ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ ፈረሰኞች ደርሰው ይጠልፏታል። ከታሰረችበት ጠመንጃ ይዛ ታመልጣለች፤ ሲደርሱባት ጠላፊዋን ተኩሳ ትገድለዋለች። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን ይህን ግድያ ለመጨረሻው ያስቀምጠው ነበር። ዘረሰናይ ከመጀመሪያው ስላሳየን ማን እንደገደለ፣ ለምን እንደገደለ በዓይናችን አይተናል፤ ዳኞቹ አላዩም። በዚያ ዘመን ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚድንበት ሕግ ገና አልተሻረም ነበር። ሜሮን ጌትነት የተጫወተቻት ጠበቃ መዓዛ ችሎት በቆመች ቁጥር የሚያስጨንቀን ይኸው እኛ የምናውቀውና እነሱ የማያውቁት ነገር ነው።

የመክፈቻን ጥበብ ያለ አግባብ የሚጠቀሙ ደግሞ እዚሁ ደቡብ ኦሞ ድረስ ይመጣሉ። ድሮን በኦሞ ወንዝ ላይ ይበራል፣ ከበሮ ይመታል፣ የሙርሲ ሴት ከንፈር ስክሪኑን ይሞላል፣ ተራኪው ድምፁን ጎርነን አድርጎ ስለ አደጋ ያወራል። የተወራው አደጋ እስከ መጨረሻው አይመጣም። ሰዎችን ማስፈራሪያ አድርጎ ፊልም መክፈት ነውር ነው፤ በሙያውም በኩል ውሸት ነው። በ2009 የሙርሲው ተወላጅ ኦሊሳራሊ ኦሊቡይ ራሱ ካሜራ ይዞ ከቤን ያንግ ጋር «ሹቲንግ ዊዝ ሙርሲ»ን ሠርቷል። ከድሮኑ በፊት እሱን ማየት ይበጃል።

ለዚያ ወጣት የሰጠሁት ሐሳብ ቅዳሜ ገበያ ነው። ሲጀምር አንድ እጅ ሐሰተኛ ባለ 200 ብር ከእውነተኞቹ መሃል ሲሸጉጥ እንይ። ከዚያ ካሜራው ሰውየውን ትቶ ብሩን ይከተል። ከቅቤ ሻጭ ወደ ቡና ነጋዴ፣ ከቡና ነጋዴው ፍየሉን ወደ ሸጠ የበና ሽማግሌ ይለፍ። ሰውየው አርባ ምንጭ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጦ እንዲሞላ ይጠብቃል። ሙዚቃ አያስፈልግም። ካሜራው ገበያው ውስጥ በዞረ ቁጥር የረዳቱ ጥሪ ከሩቅ ይሰማ፤ መጀመሪያ «ሦስት ሰው!»፣ ቆይቶ «ሁለት ሰው!»፣ ሽማግሌው ብሩን ወደ ፀሐይ አንስቶ ሲያየው ደግሞ «አንድ ሰው የቀረው!»