ኤሌክትሪክ የአረጋውያንን እርምጃ ማጽናት ይችላል?

ከወንበር መነሳት፣ ደረጃ መውጣት፣ ጎረቤት ጠይቆ መመለስ። ዕድሜ ሲገፋ እነዚህ ቀላል የነበሩ ነገሮች በጥንቃቄ የሚከናወኑ ተግባራት ይሆናሉ።

በዩናይትድ ኪንግደም ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ይወድቃሉ። በዓለም ዙሪያ ደግሞ በመውደቅ ሳቢያ በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰዎች ሕይወታቸውን እንደሚያጡ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል።

የለንደን ተመራማሪዎችና ሐኪሞች ለዚህ ችግር ከሚፈትሿቸው መፍትሔዎች መካከል አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይገኝበታል።

ጡንቻን ከውጭ ማዘዝ

አንጎል ጡንቻን የሚያዘው በነርቮች በኩል በሚልከው የኤሌክትሪክ መልዕክት ነው። ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ሁለት ንጣፎች መካከል የሚያልፍ ደካማ ፍሰትም ነርቩን በመቀስቀስ ጡንቻው እንዲኮማተር ያደርጋል።

በለንደን ሆስፒታሎች የተካሄደና በአውሮፓውያኑ 2016 የታተመ ጥናት ይህንን ዘዴ ፈትሿል። ተሳታፊዎቹ ሲኦፒዲ የተባለው ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም የጸናባቸው 52 ሰዎች ነበሩ። ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው እንደ ልብ መንቀሳቀስ አይችሉም፤ ባለመንቀሳቀሳቸውም የጭናቸው ጡንቻ ይሟሽሻል።

ገሚሶቹ ለስድስት ሳምንታት በየቀኑ ለ30 ደቂቃ ጭናቸው ላይ ማነቃቂያው ተደረገላቸው። የተቀሩት ተመሳሳይ መሣሪያ ቢሰጣቸውም ፍሰቱ ጡንቻን ለማሠራት የሚበቃ አልነበረም።

በስድስት ደቂቃ ውስጥ በሚሸፈን ርቀት ሲለካ፣ በሁለቱ ቡድኖች መካከል በእውነተኛው ሕክምና ወገን 35 ሜትር ገደማ የሚሆን የለውጥ ልዩነት ታይቷል። ሆኖም ሕክምናው ከቆመ በኋላ ለውጡ እየከሰመ ሄዷል።

እግሩን ለሚጎትት ሰው

ከስትሮክ በኋላ አንዳንድ ሰዎች የእግራቸውን ጣቶች ቀና ማድረግ ስለሚሳናቸው እግራቸው ወለሉን ይጎትታል፤ በቀላሉም ይደናቀፋሉ።

ለዚህ የሚውለው መሣሪያ ከጉልበት በታች ያለውን ነርቭ ያነቃቃል። ተረከዝ ከመሬት ሲነሳ በጫማ ውስጥ ያለ ማብሪያ ይሠራል፣ ፍሰቱ ይለቀቃል፣ እግሩም ቀና ይላል። ሐሳቡ በ1961 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ ሲሆን፣ የብሪታኒያ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2009 አካሄድን እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ መኖሩን አስታውቋል። በለንደኑ ኩዊን ስኩዌር የሚገኘው ብሔራዊ የነርቭ ሕክምና ሆስፒታልም አገልግሎቱን ይሰጣል።

ሚዛንስ?

በዚያው ኩዊን ስኩዌር የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች ከጆሮ ጀርባ የሚሰጥ ደካማ ፍሰት ሰውነት ሚዛኑን እንዴት እንደሚጠብቅ ለማጥናት ሲጠቀሙበት ቆይተዋል። በውስጠኛው ጆሮ ያለው የሚዛን ነርቭ ሲነቃቃ የቆመ ሰው ወደ አንድ ጎን ዘንበል ይላል። ይህን ዕውቀት አረጋውያንን ከመውደቅ ወደሚጠብቅ የዘወትር ሕክምና መለወጥ ግን ገና ብዙ ምርምር ይጠይቃል።

መጠንቀቅ ያለበት ማን ነው?

የልብ ምት ማስተካከያ (ፔስሜከር) የተገጠመላቸው ወይም የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ሐኪም ሳያማክሩ እነዚህን መሣሪያዎች መጠቀም የለባቸውም።

ኤሌክትሪክ የደከመ ጡንቻን መቀስቀስ ቢችልም የእንቅስቃሴን ቦታ አይተካም። የብሪታኒያ የጤና አገልግሎት ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆኑ ሰዎች ጥንካሬንና ሚዛንን የሚያዳብር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን እንዲሠሩ ይመክራል። የለንደኑ ጥናትም የሚያመለክተው ይህንኑ ነው፤ የተገኘው ብርታት የሚዘልቀው ጡንቻው ሥራ ሳይፈታ ሲቀር ነው።